ማኑዋል ፒክአፕ እንግዳ ድምፅ ሲያሰማ፦ ከፍሪሲዮን እስከ ዲፈረንሻል ደረጃ በደረጃ የመለየት መመሪያ

መኪናው የማታውቁት ድምፅ ሲያመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ዓይነት ድምፅ ነው?» የሚል ነው። ሲጥ ይላል? ይንኳኳል? ያፏጫል? መጠየቁ አይከፋም፤ ብቻውን ግን ሩቅ አያስኬድም። ያረጀ ኩሽኔታ (የሚዞር ዘንግ የሚያርፍበት ቀለበት) አንድ ቀን ያፏጫል፣ ሌላ ቀን ያጉረመርማል። በዚያ ላይ የፒክአፕ ሻንሲ ረጅም ብረት ስለሆነ ድምፁን ይሸከመዋል። ከኋላ የተነሳው ከእግራችሁ ሥር የመጣ ሊመስላችሁ ይችላል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድማችሁ «መቼ ነው የሚጮኸው?» በሉ። የፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀው) ፔዳል ሲረገጥ ነው ወይስ ሲለቀቅ? ቆሞ ነው ወይስ እየሄደ? ነዳጅ ሲሰጠው ነው ወይስ ሲለቀቅ? እነዚህን በትክክል የመለሰ ሰው አንድም ብሎን ሳይፈታ ችግሩን ወደ አንድ ወይ ሁለት ዕቃ ያጠብበዋል።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። ካምቢዮ፣ ማለትም ማርሾቹ ያሉበትን ሣጥን፣ ማውረድ ከባድ ሥራ ነው። በግምት ወርዶ፣ አዲስ ፍሪሲዮን ተገጥሞለት፣ ድምፁ ግን እዚያው የቀረበት መኪና ብዙ ነው። ጥፋቱ ክሮቼራ (የረጅሙ ዘንግ መስቀልያ መገጣጠሚያ) ላይ ወይም ጎማ ኩሽኔታ ላይ ነበራ።

ኃይሉ በየት በኩል ይሄዳል?

ይህቺን ክፍል አትዝለሏት፤ የቀረው ሁሉ እሷ ላይ ነው የቆመው።

ከሞተሩ ጀርባ ቮላኖ የሚባል ከባድ ክብ ብረት አለ። ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ይዞራል። የፍሪሲዮኑ ሸራ በቮላኖውና ሸራውን በሚጫነው ብረት፣ በፕሬዠር ፕሌቱ፣ መካከል ተጨብጦ ይቀመጣል። ፔዳሉን ካልረገጣችሁ ሸራው ከቮላኖው ጋር ይዞራል፤ ወደ ካምቢዮ የሚገባውን ዘንግም አብሮ ያዞራል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። መኪናው ቆሞ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ እንኳ ፔዳሉ ካልተረገጠ በካምቢዮው ውስጥ ዘንጎችና ጥርሶች እየዞሩ ነው።

ፔዳሉን ስትረግጡ ሹካው የፍሪሲዮኑን ኩሽኔታ ይገፋዋል። ኩሽኔታው የፕሬዠር ፕሌቱን ጣቶች ይጫናል። ሸራው ይለቀቃል፤ የካምቢዮው መግቢያ ዘንግም ቀስ ብሎ ይቆማል። በዚህ ጊዜ ሌላ ትንሽ ኩሽኔታ ሥራ ትጀምራለች። የካምቢዮው ዘንግ ጫፍ የሚያርፍባት፣ መሃል ላይ ያለችው ፓይለት ኩሽኔታ ነች። በአብዛኞቹ የኋላ ጎማ የሚነዳቸው ፒክአፖች ላይ አለች። የሞተሩ ዘንግ እየዞረ የካምቢዮው ዘንግ ሲቆም በመካከላቸው የምትሽከረከረው እሷ ናት።

በአጭሩ ፔዳል ሲለቀቅ የካምቢዮ ኩሽኔታዎች ይሠራሉ። ፔዳል ሲረገጥ የፍሪሲዮንና የፓይለት ኩሽኔታዎች ይሠራሉ። ከካምቢዮው በኋላ ያለው ሁሉ፣ ማለትም ኃይሉን ወደ ኋላ የሚወስደው ረጅሙ የትራንስሚሽን ዘንግ፣ ለጎማዎቹ የሚያካፍለው ዲፈረንሻልና ጎማዎቹ፣ መኪናው ካልሄደ አይዞርም።

ከመጀመራችሁ በፊት

መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ። የእጅ ፍሬን ያዙ፤ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በታኮ አግዱ። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር በፍጹም አትግቡ። ክሪክ ለማንሳት እንጂ ሰው ከሥሩ እንዲሠራ ለመያዝ አልተሠራም። የብረት መቆሚያ አድርጉ፣ ነቅንቃችሁ አረጋግጡ፣ ከዚያ ግቡ። ሞተሩ እየሠራ ማንም ሰው ከሥር አይሁን። የሚዞር ዘንግ ልብስም ፀጉርም ይይዛል።

የሚረዳችሁ ሰው ካገኛችሁ ሥራው በጣም ይቀልላል። አንዱ ፔዳል ይረግጣል፣ ሌላው ውጪ ሆኖ ያዳምጣል። ያያችሁትን ስልካችሁ ላይ ጻፉ፦ በየትኛው ማርሽ፣ በስንት ፍጥነት፣ ሞተሩ ሞቆ ወይስ ቀዝቅዞ፣ ጭነት ይዞ ወይስ ባዶውን። ድምፁንም ቅዱት።

ደረጃ 1፦ ቀላል የሆኑትን አስወግዱ

ካሶኒው ላይ ያለውን ዕቃ ሁሉ አውርዱ። ክሪኩ፣ መፍቻው፣ ስኮርታ ጎማው በደንብ ታስረዋል? ከሥር የተንጠለጠለ ስኮርታ ሰንሰለቱ ከላላ ልክ ዲፈረንሻል የሚመታ ይመስላል።

ቀጥሎ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ማርሚታውን በእጃችሁ ነቅንቁ። ማንጠልጠያ ጎማው ተበጥሶ ሻንሲውን ሲነካ ጭው ያለ ንዝረት ወደ ጋቢና ይልካል። በማርሚታው ላይ ያለው የሙቀት መከለያ ላሜራ ብሎኑ ሲላላ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ) ይንጫጫል፤ ትንሽ ነዳጅ ሲሰጠው ዝም ይላል። ይህን ድምፅ «ካምቢዮ ነው» ብሎ መሳሳት የተለመደ ነው። በካምቢዮው ቤት ግርጌ ያለ ቀጭን መሸፈኛ ላሜራም ከታጠፈ ቮላኖውን ይነካል። በካቻቢቴ መልሶ ማቅናት ይበቃዋል።

የሞተሩንና የካምቢዮውን ማረፊያ ጎማዎችም እዩ። የተሰነጠቀ፣ ዘይት ጠጥቶ ያበጠ ወይም ከብረቱ የተላቀቀ ማረፊያ ማርሽ ሲቀየርና መኪናው ሲነሳ «ገጭ» ያሰኛል። ሞተሩ ሲነሳና ሲጠፋ ከልክ በላይ የሚወዛወዝ ከሆነ ዋናው ተጠርጣሪ እሱ ነው።

ደረጃ 2፦ ሞተሩን አጥፍታችሁ ፔዳሉን ርገጡ

ብዙዎች ይህን ይዘሉታል። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን ቀስ ብላችሁ እስከ ታች ርገጡት፤ ቀስ ብላችሁ ልቀቁት። ደጋግሙት።

አሁንም ሲጥ ሲጥ ካለ የሚዞር ዕቃ የለምና የትኛውም ኩሽኔታ እየተሽከረከረ አይደለም። ጥፋቱ ከሚንቀሳቀሱት ክንዶች ነው። የፔዳሉ ቦኮላ (ፔዳሉ የሚዞርበት ቀለበት)፣ የፔዳሉ መመለሻ ሞላ፣ ፈሳሹን ወደሚገፋው ላይኛው ፖምፓ የሚገባው ዘንግ፣ ወይም ሹካው የሚያርፍበት ኳስ መሳይ ብረት ሊሆን ይችላል። ጋቢና ውስጥ ያሉትን በግራሶ ሞክሯቸው። ድምፁ ከካምቢዮው ቤት ውስጥ ከመጣ የሹካው ማረፊያ ደርቋል። እሱ ብዙ ጊዜ ካምቢዮው ሳይወርድ አይደረስበትም፤ ብቻውን ከሆነ ግን አያስቸኩልም።

እዚያው እያላችሁ ፔዳሉ ሲረገጥ የሚሰማችሁን ልብ በሉ። ለስላሳ ነው? ታች ላይ ይቀራል? ሁለት ሦስቴ ሲመታ ይጠነክራል? ይህ ለደረጃ 4 ይጠቅማችኋል። በካቦ ወይም በዘንግ የሚሠራ ፍሪሲዮን ከሆነ ደግሞ ፔዳሉ መጫን ከመጀመሩ በፊት ያለው ባዶ መንገድ በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ በተጻፈው ልክ መሆኑን እዩ። ባዶ መንገድ ጨርሶ ከሌለ ኩሽኔታው ሁልጊዜ ተጭኖ ይዞራል፤ ሸራውም መንሸራተት ይጀምራል።

ደረጃ 3፦ ሞተሩ እየሠራ፣ መኪናው ቆሞ

ትልቁ ፍተሻ ይኸው ነው። ሞተሩን አስነሱ፣ እንዲሞቅ ጠብቁ፣ በሚኒሞ ይሁን። ማርሽ ዜሮ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ሬዲዮና ኤሲ ጠፍቶ፣ መስኮት ተከፍቶ።

*ፔዳሉን ሳትነኩ አዳምጡ።* አሁን የሚጮህ ነገር ካለ ፔዳሉን እስከ ታች ረግጣችሁ ጥቂት ሰከንድ ቆዩ። ድምፁ ከጠፋ ምንጩ ከካምቢዮው ጋር የሚዞር ነገር ነው፤ በተለይ የመግቢያ ዘንጉ ኩሽኔታ ወይም በካምቢዮው ውስጥ ኃይሉን የሚያቀባብለው የታችኛው ዘንግ ኩሽኔታዎች። ማጉረምረም ወይም ግርርር ማለት ከሆነ ኩሽኔታ ነው። ቀለል ያለ መንቀጫቀጭ ከሆነ ግን ተረጋጉ። ጥርሶች ያለ ጭነት ሲዞሩ፣ በተለይ በናፍጣ ሞተር ላይ፣ የተወሰነ መንቀጫቀጭ የተለመደ ነው። ከበፊቱ ከባሰ የካምቢዮውን ዘይት መጠን እዩ። ንዝረት የሚውጡት የሸራው መሃል ሞላዎች ሲላሉም ተመሳሳይ ድምፅ ይመጣል።

*አሁን ፔዳሉን በትንሹ ብቻ ንኩት፤* እግራችሁን እንደማሳረፍ። በዚህች ቅጽበት የሚጀምር ማፏጨት ወይም ጭርርር የሚል ድምፅ የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ነው ማለት ይቻላል፤ ጣቶቹን መንካት የጀመረው አሁን ነውና። የበለጠ ስትጫኑት የሚጨምር ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። በተቃራኒው ኩሽኔታው ሁልጊዜ ጣቶቹን ነክቶ የሚዞርባቸው መኪኖች አሉ። በእነሱ ላይ ያረጀ ኩሽኔታ ፔዳሉ ሳይነካም ይጮሃል፤ ትንሽ ሲጫኑት ይለወጣል ወይም ዝም ይላል። የላላ ሹካም እንዲሁ በትንሽ ንክኪ መንኳኳቱን ያቆማል። ስለዚህ ከ«ጠፋ» ወይም ከ«መጣ» ይልቅ «እግሬ ሲነካው ተለወጠ» የሚለውን ያዙ።

*በመጨረሻ ፔዳሉን እስከ ታች ርገጡት።* ድምፁ እዚህ ከጀመረ ሁለት ተጠርጣሪዎች አሉ፤ የፍሪሲዮን ኩሽኔታና ፓይለት ኩሽኔታ። ለመለየት ይህን አድርጉ። ፔዳሉን እንደረገጣችሁ፣ የእግር ፍሬንም ይዛችሁ፣ 1ኛ ማርሽ አስገቡ። ማርሽ ሲገባ መኪናው ቆሟልና የካምቢዮው ዘንግ ፈጽሞ ይቆማል፤ ፓይለት ኩሽኔታዋም ሙሉ በሙሉ መሽከርከር ግድ ይላታል። ማርሽ ዜሮ ላይ ሳለ ቀስ በቀስ እየጨመረ መጥቶ፣ ማርሽ ሲገባ የሚጎላ ጩኸት ወደ ፓይለት ይጠቁማል። በሁለቱም ሁኔታ አንድ ዓይነት ከሆነ የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ነው። ሁለቱም የሚቀየሩት በአንድ መክፈት ስለሆነ እርግጠኛ ባትሆኑም ጉዳት የለውም።

ሞተሩን ስታስነሱና ስታጠፉ ብቻ ከቮላኖው አካባቢ የሚመጣ «ቋ ቋ ቋ» ካለ ደግሞ መኪናችሁ ባለ ሁለት ክፍል ቮላኖ እንዳለው አጣሩ። በብዙ አዳዲስ ናፍጣ ፒክአፖች ላይ ይገኛል። በውስጡ ንዝረት የሚውጡ ሞላዎች አሉ፤ ሲያረጁ በዚህች ቅጽበት ይመታሉ። እንዲህ ያለ ቮላኖ ላይ ሸራ ብቻ ቀይሮ መዝጋት ሥራውን ሁለቴ መሥራት ነው።

ደረጃ 4፦ ማርሽ ሲገባ የሚፋጭ ከሆነ

«ክርርር» የሚል መፋጨት ሁለት የተለያዩ ምንጮች አሉት፤ ፍሪሲዮኑ በደንብ አይላቀቅም፣ ወይም የማርሹ ሲንክሮናይዘር (ማርሹ ሳይፋጭ እንዲገባ ፍጥነቱን የሚያመጣጥነው ቀለበት) አልቋል። መለያው ቀላል ነው።

መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ በሚኒሞ፣ ፔዳሉን እስከ ታች ረግጣችሁ አምስት ሰከንድ ያህል ጠብቁ። ከዚያ የኋላ ማርሽ አስገቡ። በብዙ ካምቢዮዎች የኋላ ማርሽ ሲንክሮናይዘር የለውም፤ ስለዚህ እውነቱን አይደብቅም። ከጠበቃችሁ በኋላም ከተፋጨ የካምቢዮው ዘንግ አልቆመም ማለት ነው። ሸራው አሁንም ከቮላኖው ጋር እየተነካካ ነው።

መጀመሪያ ዘይቱን እዩ። ፍሪሲዮኑ በፈሳሽ የሚሠራ ከሆነ የማጠራቀሚያው ልክ ወርዷል? በብዙ መኪኖች ላይ ከፍሬኑ ጋር አንድ ማጠራቀሚያ ይጋራል። ከፔዳሉ በላይ ግድግዳው ላይ እርጥበት አለ? ካምቢዮው ጎን ያለው የታችኛው ፖምፓ ጎሚኒ ወጥቷል ወይም ረጥቧል? ፔዳሉን ደጋግሞ ሲመቱት ማርሽ በቀላሉ የሚገባ ከሆነ አየር ገብቷል ወይም ፖምፓው በውስጥ ያሳልፋል። አየሩን ማስወጣት ካምቢዮ ከማውረድ በጣም ያነሰ ሥራ ነው። የምትጨምሩት መመሪያ መጽሐፉ ያዘዘውን የፍሬን ዘይት ብቻ ነው። የሞተር ዘይት ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ያበላሻል።

በፈሳሹ በኩል ሁሉ ደህና ከሆነ የተጣመመ ሸራ፣ የተሰበረ ሹካ፣ ወይም ዘንጉን ይዞ አብሮ የሚያዞር ፓይለት ኩሽኔታ ይቀራል።

ቆሞ ሁሉም ማርሽ በሰላም ገብቶ፣ እየሄዱ ግን አንድ ማርሽ ብቻ፣ ብዙ ጊዜ 2ኛ ወይም 3ኛ፣ የሚፋጭ ከሆነ ፍሪሲዮኑን ተዉት። የዚያ ማርሽ ሲንክሮናይዘር ነው። ሲቀዘቅዝ ብቻ ከሆነ መጀመሪያ ዘይቱን ተጠራጠሩ። ለዲፈረንሻል የሚሆን ዘይት ሁሉ ለካምቢዮ አይሆንም። ጂኤል-4 የተባለውን የሚጠይቅ ካምቢዮ ላይ ጂኤል-5 ሲጨመር አንዳንዶቹ ተጨማሪ ኬሚካሎች የነሐስ ቀለበቶቹን ይጎዳሉ። መጽሐፉ የሚለውን ተከተሉ።

ደረጃ 5፦ ሲነሳ

1ኛ አስገብታችሁ ፔዳሉን ስትለቁ መኪናው ከተርገፈገፈ ሸራው እኩል እየያዘ አይደለም። ዋናው ምክንያት ሸራው ላይ የደረሰ ዘይት ነው። ዘይት ከሚያግደው ከሞተሩ የኋላ ጎሚኒ ወይም ከካምቢዮው የፊት ጎሚኒ ያፈስሳል። በካምቢዮው ቤት ግርጌ ጠብታ ካለ ይህን ያጠናክራል። በሙቀት የተጎዳ፣ ሰማያዊ ነጠብጣብ ያለው ቮላኖም እንዲሁ ያረገፍግፋል። ግን ከመፍረድ በፊት ረጅሙን የትራንስሚሽን ዘንግ እዩ። ዘንጉ ሁለት ቦታ የተከፈለ ከሆነ መሃል ላይ በጎማ የተያዘ ኩሽኔታ አለ። ጎማው ሲቀደድ ዘንጉ ሲነሳ ይወረወራል፤ በተለይ ጭነት ሲኖር። ከሾፌር ወንበር ሲሰማ ከፍሪሲዮን መርገፍገፍ አይለይም።

ሲነሳ፣ ወይም ከፊት ወደ ኋላ ማርሽ ሲቀየር አንድ ጊዜ «ገጭ» የሚል ከሆነ የተከማቸ መላወስ አለ ማለት ነው። ክሮቼራ፣ የዘንጉ ተንሸራታች ጥርስ፣ የባሌስትራ ማሰሪያ ብሎን፣ ወይም ዲፈረንሻል። ደረጃ 7 ላይ በእጅ እንፈትሻቸዋለን።

መንሸራተትን ለማወቅ ክፍት ቦታ ላይ የእጅና የእግር ፍሬን ይዛችሁ፣ 3ኛ ማርሽ አስገብታችሁ፣ ፔዳሉን በመጠኑ ልቀቁ። ጤነኛ ፍሪሲዮን ሞተሩን ወዲያው ያጠፋዋል። ሞተሩ መሥራቱን ከቀጠለ ሸራው እየተንሸራተተ ነው፤ ቶሎ ፔዳሉን ርገጡ። አንዴ ብቻ ሞክሩት፤ መደጋገሙ ሸራውን ያቃጥለዋል። መንገድ ላይም ይታወቃል። በ4ኛ ወይም 5ኛ ዳገት ላይ ነዳጅ ስትሰጡ የሞተሩ ዙር ዘሎ ፍጥነቱ ካልተከተለ፣ የተቃጠለም ከሸተተ፣ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ደረጃ 6፦ እየሄደ

ሰው የሌለበት፣ ቀጥ ያለ ሜዳ መንገድ ምረጡ። ቁልቁለት ላይ ይህን ፍተሻ አታድርጉ።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር አካባቢ እየሄዳችሁ ድምፁ ሲሰማ ፔዳሉን ረግጣችሁ ሞተሩ ወደ ሚኒሞ ይውረድ። ድምፁ ከሞተሩ ዙር ጋር ከወረደ ምንጩ ከፊት ነው፤ ሞተር ወይም ፍሪሲዮን። ምንም ሳይለወጥ ከመኪናው ፍጥነት ጋር ብቻ ከቀነሰ ምንጩ ከኋላ ነው፤ ካምቢዮ፣ ዘንግ፣ ዲፈረንሻል፣ የጎማ ኩሽኔታ ወይም ጎማው ራሱ።

ፍጥነቱን የሚከተል ከሆነ ምቱን ቁጠሩ። ቁመቱ 75 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ጎማ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ላይ በሰከንድ 7 ጊዜ ያህል ይዞራል። ዲፈረንሻሉ አራት ለአንድ ገደማ ከሆነ የትራንስሚሽን ዘንጉ በሰከንድ 28 ጊዜ ይዞራል። ስለዚህ የጎማ ችግር «ዉ-ዉ-ዉ» የሚል፣ ጆሮ ሊለየው የሚችል ምት አለው። የዘንግ ችግር ግን ወንበርና ወለል ላይ የሚሰማ ፈጣን ንዝረት ነው።

የመንገዱ ገጽ ሲለወጥ ድምፁም ተለወጠ? እንግዲያው ጎማ ነው። ጥርሱ ትልልቅ የሆነ የጭቃ ጎማ አስፋልት ላይ ልክ እንደተበላሸ ኩሽኔታ ያጉረመርማል። ዲፈረንሻል ግን አስፋልት ይሁን ጠጠር ግድ የለውም።

መሪውን በቀስታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስታዞሩ ድምፁ ከተለወጠ የጎማ ኩሽኔታ ነው። ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ ቀኝ ጎማዎች ላይ ይወድቃል፤ ያኔ የሚጎላ ከሆነ ቀኙን ተጠራጠሩ።

ነዳጅ ስትሰጡ የሚያለቅስ፣ ስትለቁ ዝም የሚል (ወይም የተገላቢጦሽ) ወጥ ድምፅ የዲፈረንሻል ምልክት ነው። ኮሮናውና ፒኞኑ፣ ማለትም የዲፈረንሻሉ ትልቁና ትንሹ ጥርስ፣ የሚነካኩበት ቦታ ተለውጧል። ድምፁ ማልቀስ ሳይሆን ማጉረምረም ከሆነና በሁሉም ፍጥነት ካለ የፒኞኑ ኩሽኔታዎች ሊሆኑ ይችላሉ። በመታጠፊያ ላይ ብቻ የሚመታ ከሆነ በዲፈረንሻሉ ውስጥ ያሉትን ትናንሽ ጥርሶች እዩ። የጎማ መሽከርከርን የሚገድብ ዲፈረንሻል ከሆነ ልዩ ተጨማሪ ያለው ዘይት ይፈልጋል፤ ያለ እሱ መታጠፊያ ላይ ይንገጫገጫል፤ ዘይቱን መቀየር ብቻ ሊበቃው ይችላል።

ካምቢዮው ሲጠረጠር ደግሞ እያንዳንዱን ማርሽ ለየብቻ ሞክሩ። በአንድ ማርሽ ብቻ የሚጮህ ከሆነ የዚያ ማርሽ ጥርስ ወይም ኩሽኔታ ነው። በሁሉም የሚጮህ፣ በአንዱ ግን ዝም የሚል ከሆነ ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው። በብዙ ባለ አምስት ማርሽ ፒክአፖች 4ኛ ማርሽ ቀጥታ ነው፤ የሞተሩ ዘንግ አንዴ ሲዞር የትራንስሚሽኑም አንዴ ይዞራል። ኃይሉ በታችኛው ዘንግ አያልፍም። በ4ኛ ዝም ብሎ በሌሎቹ የሚያጉረመርም ካምቢዮ የታችኛው ዘንግ ኩሽኔታዎቹን አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው።

ደረጃ 7፦ ከሥር

ሞተሩ ጠፍቶ ቀዝቅዟል፣ ታኮ ተደርጓል፣ የእጅ ፍሬን ተይዟል። ማርሽ ዜሮ።

የትራንስሚሽን ዘንጉን ያዙና ወደ ሁለቱም በኩል ጠምዝዙት። ከዲፈረንሻሉ ጥርሶች የሚመጣ ትንሽ መላወስ የተለመደ ነው። በክሮቼራው ላይ፣ ማለትም በዘንጉና በሚቀጥለው ብረት መካከል፣ ግን ምንም መላወስ መኖር የለበትም። ወደ ላይና ወደ ታችም ግፉት። በክሮቼራው ቆቦች ዙሪያ የዛገ ቀይ ዱቄት ካያችሁ ግራሶው አልቆ በውስጡ ያሉት መርፌ መሳይ ብረቶች እየተፈጩ ነው። እንዲህ ያለ ክሮቼራ በዝግታ ሲሄድ እንደ ወፍ ጭው ጭው ይላል፤ ብዙዎች ፍሬን ይመስላቸዋል። የግራሶ መስጫ ካለው ስጡት፤ መላወስ ከጀመረ ግን ግራሶ አያድነውም።

ቀጥሎ ዘይት። ሁልጊዜ መጀመሪያ መሙያውን ታፖ ፍቱ፣ ማፍሰሻውን ኋላ። መሙያው እምቢ ካለና ዘይቱ ፈስሶ ከሆነ መኪናው ተገትሮ ይቀራል። በአብዛኞቹ ካምቢዮዎችና ዲፈረንሻሎች ዘይቱ እስከ መሙያው ቀዳዳ የታችኛው ከንፈር መድረስ አለበት፤ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ። ማፍሰሻው ማግኔት ካለው አጥኑት። ቀጭን ግራጫ ጭቃ ልማዱ ነው። ጣት ላይ የሚሰማ የብረት ስባሪ ወይም የጥርስ ጫፍ ግን መኪናው መቆም እንዳለበት ይናገራል። ማግኔት የማይዘው ቢጫ ብልጭታ ከሲንክሮናይዘር ነሐስ ይመጣል።

ጎማውን አንስታችሁ፣ በመቆሚያ አስደግፋችሁ፣ በእጅ አዙሩት፤ ሌላ እጃችሁን ባሌስትራው ላይ አድርጉ። የኋላውን ስትፈትሹ የእጅ ፍሬኑ ይለቀቅ፤ መሬት ላይ ያሉት ጎማዎች በታኮ ይታገዱ። የተቦረቦረ ኩሽኔታ ጆሮ ከመስማቱ በፊት እጅ ላይ ይታወቃል። ከላይና ከታች ይዛችሁም ነቅንቁት። ጎማውን በሞተር ለማዞር አትሞክሩ፤ አንዱ ጎማ መሬት ነክቶ ከሆነ መኪናው ከመቆሚያው ሊወርድ ይችላል።

ፎር ዊል ላለው

ፎር ዊል ገብቶ ደረቅ አስፋልት ላይ መሪ መክበድ፣ መታጠፊያ ላይ መጎተት፣ አልፎ አልፎ «ዷ» ማለት ብልሽት ላይሆን ይችላል። የመሃል ዲፈረንሻል የሌለው ፎር ዊል የፊትና የኋላ ዘንጎችን አንድ ላይ ይቆልፋል። መታጠፊያ ላይ ሁለቱ እኩል መንገድ ስለማይሄዱ ኃይሉ ይጠመዘዛል። አውጡት፤ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ብትሄዱ ይላቀቃል። መሪው ተጠምዝዞ ከፊት ጎማ የሚመጣ «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» ግን የፊት ሻፍት መገጣጠሚያ ማለቅ ነው። ጎሚኒው ተቀዶ ግራሶው ተረጭቶ ታዩታላችሁ።

ወዲያው የሚያስቆሙ

ከወለሉ ሥር በድንገት የጀመረ ከባድ ንዝረት፣ በራሱ የሚወጣ ማርሽ፣ በአንድ ጉዞ ውስጥ የባሰ ማጉረምረም፣ የፈላ ዘይት ሽታ። በእነዚህ አትነዱ። የፊተኛው ክሮቼራ ከተበጠሰ ዘንጉ ወድቆ መንገዱን ሊወጋ ይችላል፤ የተሰነጠቀ ኩሽኔታ ደግሞ ዘንግ ቆልፎ ጎማ ሊይዝ ይችላል። በገመድ መጎተትም ካምቢዮውን ያዞረዋል፤ መጫን ይሻላል፣ ካልሆነም የትራንስሚሽን ዘንጉ ይፈታ።

ካምቢዮው መውረዱ ግድ ከሆነ

ሥራው ማውረዱ ላይ ነው፤ ስለዚህ የሚያረጁትን ሁሉ በአንዴ ቀይሩ። ሸራው፣ ፕሬዠር ፕሌቱ፣ የፍሪሲዮን ኩሽኔታውና ፓይለቱ አብረው ይሂዱ። ሹካውንና ማረፊያውን እዩ። ከሞተሩ የኋላ ጎሚኒ ትንሽ እንኳ እርጥበት ካለ አዲስ ግጠሙ። ቮላኖው ሰማያዊ ነጠብጣብ፣ ስንጥቅ ወይም ጭረት ካለው ይስተካከል ወይም ይቀየር። የካምቢዮውን መግቢያ ዘንግ በእጅ አዙሩት፤ ግርርር ካለ ኩሽኔታውን አሁን መቀየር ነው።

ሸራው የትኛው ፊቱ ወደ ቮላኖ እንደሆነ ሳታረጋግጡ አትግጠሙ፤ ብዙ ጊዜ ተጽፎበታል። በመሃል ማስያዣ ዘንግ አስተካክሉት፤ ካልተስተካከለ ካምቢዮው አይገባም። የዘንጉ ጥርስ ላይ ግራሶ በስሱ ብቻ ቀቡ፤ ከበዛ ሲዞር ተረጭቶ ሸራው ላይ ያርፋል። ከተገጠመ በኋላ የደረጃ 3ን ፍተሻ እንደገና አድርጉ፤ ከማስታወሻችሁ ጋር አስተያዩ። ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮችም ከባድ ጭነትና ዳገት ላይ መነሳትን ቀንሱ፤ ሸራው ቮላኖውን ተላምዶ እኩል እስኪይዝ።